የተኛ ባሏን ብትገድል «ራሷን ተከላከለች» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ለቴሌቪዥን የሚሆን ተከታታይ የወንጀል ድራማ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሰናይት የሁለት ልጆች እናት ናት። ባሏ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ስሙ የተከበረ ነጋዴ ነው። ቤት ውስጥ ግን ለዓመታት ይደበድባታል። ፍርድ ቤት ሄዳ ‹አጠገቤ እንዳይደርስ› የሚል ትዕዛዝ ታወጣበታለች፤ እሱ ይጥሰዋል። መጨረሻ ላይ ቢራው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ትጨምርና እንቅልፍ ሲወስደው ትገድለዋለች። ጠበቃዋ ‹ድፍረት› ፊልም ላይ እንዳየነው ‹ራሷን ነው የተከላከለችው› ብሎ ተከራክሮ ነጻ ያወጣታል። ይህ በሕግ ያስኬዳል? ተመልካቹስ ‹ለምን ዝም ብላ ጥላው አልሄደችም?› እንዳይለኝ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አያስኬድም። ትልቁ ችግር ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ጫፍ ላይ ሲሆን ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት። የተወሰደው እርምጃም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ሰናይት ትናንት ተደብድባለች። ነገም እንደምትደበደብ ታውቃለች። ዳኞቹ ይህን ሁሉ ቢያምኗት እንኳ፣ ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ «እሱ ሲተኛ የግቢው በር ቁልፍ የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። «ቦርሳዬ ውስጥ» ካለች የጠበቃዋ ክርክር እዚያው አለቀ።

«ድፍረት»ን ለዚህ መጥቀስ የብዙ ሰው ስህተት ነው። ፊልሙ የተነሳበት እውነተኛ ጉዳይ ከእርስዎ ታሪክ ጋር አይገናኝም። ልጅቷ የ14 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። የጠላፊውን መሣሪያ ይዛ ሸሸች። ተከትለው ደረሱባት፤ ተኮሰች። ጥቃቱ ገና አላለቀም ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ሲከራከር መሠረቱ ይህ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። የእርስዎ ሰናይት ግን የምትሸሸው ሰው ተኝቷል።

«ውጭ አገር ቢሆን ነጻ ትወጣ ነበር» የሚሉኝም አሉ። የእንግሊዟን የኪራንጂት አህሉዋሊያን ጉዳይ ይመልከቱ። ለዓመታት ሲደበድባት የኖረውን ባሏን በ1989 (እ.ኤ.አ.) ተኝቶ ሳለ ቤንዚን አርከፍክፋ አቃጠለችው፤ ሞተ። በግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አደረገ። ጥፋቱ ወደ ቀለለ የግድያ ዓይነት ወርዶላት፣ የታሰረችበት ጊዜ ተቆጥሮላት ወጣች። የሴቶችን መብት በተመለከተ ብዙ የተባለለት ጉዳይ ነው። እዚያም ቢሆን ያዳናት ራስን መከላከል ሳይሆን የደረሰባት በደል አእምሮዋ ላይ ያሳደረው ጫና ነው።

እንግዲህ ሰናይት የምትከሰሰው በምንድነው? ሦስት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ተመልካች በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ከገባው ልቡ ይንጠለጠላል። ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም ከሚለው ይልቅ በየትኛው አንቀጽ ትፈረድባለች የሚለው ነው የዚህ ዓይነት ችሎት ትንፋሽ የሚያሳጥረው።

እዚህ ላይ ያቺ የእንቅልፍ መድኃኒት ጉድ ታፈላለች። አንቀጽ 541 የሚረዳት በከባድ ማነሳሳት ወይም ሁኔታው ሊያስረዳው በሚችል ኃይለኛ ስሜት ውስጥ ሆና ከገደለች ነው። መድኃኒት ከፋርማሲ መግዛት፣ ቀን መምረጥ፣ ቢራ ከፍቶ መጨመር፣ እስኪተኛ መጠበቅ ግን የስሜት ሥራ አይደለም። ዕቅድ ነው። ዐቃቤ ሕግ የፋርማሲውን ሠራተኛ ምስክር አድርጎ ያቀርባታል፤ ክሱም በ539 ይሆናል። ተመልካች እንዲያዝንላት ያሰቧት ሴት በአንዲት ትዕይንት ወደ ሞት ቅጣት አንቀጽ ገባችልዎ።

ይህ ማለት የዓመታቱ በደል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አንቀጽ 82 በከባድ ጭንቀት ወይም ተገቢ በሆነ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ወንጀል የሠራን ሰው ቅጣት እንዲቀል ያደርጋል። ግን ያ ቅጣት ሲወሰን የሚነሳ ነገር ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለች በኋላ ማለት ነው።

ስለ ችሎቱ ሁለት ነገር ልበልና ልለፍ። እኛ አገር ጁሪ የለም። ጠበቃ እየተንጎራደደ 12 ሰው የሚያስለቅስበት ትዕይንት ካለ ይሰርዙት። የኛ ችሎት ትልቁ ቅጽበት ሌላ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ከጨረሰ በኋላ የሚሰጠው ብይን። ዳኞቹ ወይ «ተከላከዪ» ይሏታል፣ ወይ መከላከል ሳያስፈልጋት በነጻ ያሰናብቷታል። ቀጠሮው ደግሞ ይረዝማል፤ አንዳንዴ ዳኛ አልተሟላም ይባላል። ታሳሪ ቤተሰብ በዚያ ብይን ዋዜማ እንቅልፍ የለውም። ይህን የተጠቀመ ድራማ አላየሁም።

ሌላው፣ ዐቃቤ ሕጉ «ንብረቱን ለመውረስ ነው የገደለችው» ብሎ እንዳይከራከር ይጠንቀቁ። ሚስት ባሏን ያለ ኑዛዜ አትወርስም። የጋራ ንብረት ግማሹ ቀድሞም የራሷ ነው፤ የሱን ድርሻ ልጆቹ ናቸው የሚወርሱት። የሟች ወንድሞች ለቅሶ ቤት ውስጥ ይህንኑ ቢያወሩ ግን ያምርበታል፤ እነሱ ሕጉን አያውቁም።

አሁን ወደ ትዕዛዙ። «ባልየው አጠገቧ እንዳይደርስ» የሚለው ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ነው። በኛ አገር ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለም፤ ተጠቂዋ በቀጥታ አመልክታ የምታገኘው የጥበቃ ትዕዛዝ ሥርዓትም የለም። ይህ ትልቅ የሕግ ክፍተት ነው። ለድራማዎ ግን ጥሩ ነገር ነው፤ ሰናይት ፍርድ ቤት ሄዳ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ስትጠይቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት «የፍቺ ነው የወንጀል?» ብትላት ከማንኛውም ጥሰት የበለጠ ያማል።

ያለው ምንድነው? አንደኛ፣ ወንጀሉ ወንጀል ነው። «የባልና ሚስት ጠብ ፖሊስ አያገባውም» የሚባለው ውሸት ነው። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት አንቀጾቹ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። ችግሩ የጉዳቱ መጠን ላይ ነው። ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ ወይም አካልን ያጎደለ ጉዳት በ555 እስከ 15 ዓመት ያደርሳል። ከዚያ ያነሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ የቆሰለ ከንፈር ግን 556 ውስጥ ይወድቃል። መሣሪያ ካልያዘበት በስተቀር የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው፤ ቅጣቱም ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሴትየዋ ልታነሳውም ትችላለች። ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የማይጠፉት።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ካርዱ። ይህን በቅርብ ያሳዩልኝ። ሰናይት ሦስት ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ደረጃ ላይ ወደቅኩ»። ባሏ አጠገቧ ቆሟል፣ ሒሳቡን የሚከፍለውም እሱ ነው። ነርሷ ዓይኗን አይታ ታውቃለች፤ ግን የተባለችውን ትጽፋለች። ካርዱ ላይ «በመውደቅ የደረሰ» ይላል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የባልየው ጠበቃ ያንን ካርድ ያወጣዋል። ደጋግሜ የገጠመኝ ነው፤ በጠበቃነት እንደዚህ ካርድ እጄን ያሰረኝ ነገር የለም። ይህ ካርድ ውሸት መሆኑን የሚያስረዳ ሰው አለ፣ እሷም የቤት ሠራተኛዋ ናት። በየድራማው ቡና አቅርባ የምትወጣው ልጅ ለብዙ የቤት ውስጥ ወንጀል ብቸኛዋ የዓይን ምስክር ናት። ደሞዟን የሚከፍላትም ተከሳሹ ነው። እዚህ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል አለ።

ሦስተኛ፣ ዋስትና። ባልየው ቢያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በአካል ጉዳት የተከሰሰ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋስ ይፈቀድለታል። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፤ «ታሰረ» ሲባል ያለቀ ይመስለዋል። እሱ ግን ከሳምንት በኋላ በሩን ያንኳኳል። ዋስትናውን የሚያስከለክል መንገድ አለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክሮችን ያባብላል ተብሎ ከተገመተ ዋስ ሊከለከል እንደሚችል ይላል። «ቆይ ስወጣ ትተያለሽ» የሚል አንድ የስልክ መልእክት፣ ሳይጠፋ የተቀመጠ፣ እዚህ ቦታ ላይ ወርቅ ነው።

አራተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ወዲያው ትዕዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበትም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው ያያል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 ነው፤ ከወንጀል ሕጉ 82 ጋር አይምታታብዎ። ስለዚህ «ቤቱ የሱ ነው፣ ውጪ» ሲላት ሕጉ አብሮት አይደለም። ለፍቺ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለማስታረቅ ሊሞክርና እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ለተደበደበች ሴት 3 ወር ረጅም ነው። ይህ የቤተሰብ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሠራው። ታሪኩን ወደ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ካዞሩት የክልሉን ሕግ ይዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ሕጉ አይሰጣትም። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ነው። ሰናይት ፖሊስ ጣቢያ ገብታ «ባሌ ያስገድደኛል» ብትል መርማሪዋ የምትጽፍበት አንቀጽ የላትም። ሴት መርማሪ ያድርጓት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ትበል። ስለ ሕጉ ንግግር አያስደርጓት።

«ለምን ዝም ብላ አልሄደችም?» ለሚለው መልስ የለኝም ብለው አይፍሩ፤ መልሱ ሞልቷል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉና ትዳር ከያዙ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። በዚያው ዳሰሳ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ቁጥሩን ደግመው ያንብቡት። ሰናይትን «ቻይው፣ ትዳር ነው» የሚሏት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እናቷ ናት፣ ክርስትና እናቷ ናት፣ የዕድር ጎረቤቷ ናት። እነሱም ችለው ነው የኖሩት። እናትየዋን ክፉ አድርገው ከሳሉ ድራማዎ ይሞታል።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። ቴሌብሩ በሱ ስልክ ቁጥር ነው። የቤቱ ካርታ እሱ ሱቅ ካዝና ውስጥ ነው። የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት የት እንዳለ አታውቅም። ታክሲ የተሳፈረችበትን ሰዓት ይጠይቃታል። ሴቶች ከዚህ እንዴት እንደሚወጡ ማሳየት ከፈለጉ ዕቁብ ያስገቧት። የሰፈር ዕቁብ፣ በሌላ ሴት ስም የተጣለ፣ ከአስቤዛ እየተቆነጠረ። ዕጣው መቼ ይወጣል የሚለው ብቻ ሦስት ክፍል ይሸከማል። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒ አድርጋ ጓደኛዋ ጋ ታስቀምጥ። መሄጃ ቦታም አለ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሰሉ ተጠቂዎችን የሚያስጠልሉ ድርጅቶች አሉ፤ የመጠለያዎቹ አድራሻ አይነገርም። እርስዎም ስክሪፕቱ ውስጥ የሚታወቅ ሰፈር ወይም ሕንፃ አያሳዩ። ይህን በጥብቅ ነው የምለው።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ ለተደበደበች ሴት በጣም አደገኛው ጊዜ አብራው የምትኖርበት አይደለም። ልትሄድ ስትነሳና ከሄደች በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። በዳዩ እጁ ውስጥ የነበረው ነገር ሲያመልጠው ነው የሚያብደው። የወንጀል ድራማ የሚፈልገው ውጥረት ሁሉ እዚያ አለ፤ እርስዎ ግን ዘለው ወደ ግድያው ሄዱ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ሰናይት እንዳትገድል። ወንጀሉን የባልየው ያድርጉት። ዕቁቡ ደርሷት ልጆቹን ይዛ በምትወጣበት ቀን ይድረስባት፣ ይሞክር፣ ትትረፍ። ችሎቱ የሱ ይሁን። ክሱ አንቀጽ 27ና 540፣ የግድያ ሙከራ። የሱ ጠበቃ «ንዴት ነው፣ ቢበዛ የአካል ጉዳት ነው» ብሎ ወደ 555 ሊያወርደው ይታገል። «ወደቅኩ» የሚለው ካርድ ይቅረብ። ሠራተኛዋ ከገጠር ተፈልጋ ትምጣ። ሕጋችን የሚችለውንም የማይችለውንም በዚህ አንድ መዝገብ ማሳየት ይቻላል።

ፕሮዲውሰሩ «ሬሳ የሌለው አይሸጥም» ካለዎት፣ እሺ፣ ሁለተኛ መንገድ አለ። መድኃኒቱን ያውጡት። እንቅልፉን ያውጡት። ኩሽና ውስጥ አንገቷን ይዞ ሳለ ያገኘችውን ቢላዋ ታንሳ። አንድ ጊዜ ወጋችው፣ ለቀቃት፣ ወደቀ። እዚህ ላይ ካቆመች አንቀጽ 78 ነው፤ ነጻ ልትወጣ ትችላለች። ከወደቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ከደገመችው ግን አንቀጽ 79 ይመጣል፣ ከመጠን ያለፈ መከላከል። ቅጣቱ በእጅጉ ይቀላል፤ በጥቃቱ ምክንያት በደረሰባት ድንጋጤና ፍርሃት ከሆነ ጭራሽ ሊቀርም ይችላል። የአስከሬን ምርመራው ሪፖርት ስንት ቁስል እንዳለና የትኛው እንደገደለው ይናገራል። ያን ሪፖርት የሚያነብ ሐኪም ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሳለ ሰናይት እጆቿን ስታይ፣ ያ ነው የእርስዎ ትዕይንት።

ሁለት ማሳሰቢያ ይቀረኛል። ከሚያውቋት ሴት ሕይወት የወሰዱት ነገር ካለ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። «ድፍረት» በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ መታገዱን ያስታውሱ። ሁለተኛው ለእርስዎ አይደለም፤ ይህን እያነበበች «የኔ ታሪክ ነው» ለምትል ነው። ድራማ ዕቅድ አይሆንሽም። በአቅራቢያሽ ባለው ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አለ፤ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የፖሊስ ጉዳዩን አንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ደግሞ እውነቱን ተናገሪ፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው እሱ ነውና።

የችሎት ትዕይንቶቹን ከመጻፍዎ በፊት አንድ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ይሂዱ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልክዎን ያጥፉ፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፣ ዳኛው ለምስክሯ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» ሲሏት ያዳምጡ።